ጎርፉ የማን ነው?

በሐምሌ ወር ወንዝ ዳር ቁሙና ውሃውን ተመልከቱ። ውሃው ቀይ ነው፤ ወይም ጥቁር ነው። በበጋ ግን ኩልል ያለ ነበር። ታዲያ በክረምት ምን ገባበት? የገባበት አፈር ነው። ይህ አፈር ከሩቅ አገር አልመጣም። ከላይ ካለው ማሳ ታጥቦ የወረደ ነው። ማሳው የእናንተ ሊሆን ይችላል። የጎረቤታችሁም ሊሆን ይችላል።

ጎርፍ ይዞት የሚወርደው አፈር፣ ውሃው ረጋ ሲል ከታች ይቀመጣል። ይህ የተቀመጠ አፈር ደለል ይባላል። አንዳንድ ሰው «ደለል ምን አለበት? ደለል ላይ የተዘራ በቆሎ ያምራል» ይላል። እውነት ነው፤ ያምራል። ግን ያ በቆሎ የበቀለው በሌላ ሰው አፈር ላይ ነው።

ከአንድ ጥማድ ስንት አፈር ይሄዳል?

ይህ በግምት ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአገራችን የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች ተከፈቱ። አንዱ በወሎ ማይባር ነው። አንዱ በጎጃም አንጀኒ ነው። አንዱ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጥድ ነው። ሌሎችም አሉ። በእነዚህ ጣቢያዎች ከማሳ የሚወርደው ውሃና አፈር ተጠራቅሞ ይለካ ነበር። ሃንስ ሁርኒ የተባሉ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ ይህን ልኬታ መሠረት አድርገው በ1980 ዓ.ም. ገደማ አንድ ግምት አወጡ። በደጋውና በወይናደጋው ከሚታረስ መሬት፣ ከአንድ ሄክታር በዓመት 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል አሉ።

42 ቶን ማለት 420 ኩንታል ነው። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ይሆናል ብንል፣ ከአንድ ጥማድ 105 ኩንታል አፈር ይሄዳል ማለት ነው። ከዚያው ጥማድ 5 ኩንታል ጤፍ ያፈሰ ሰው ዓመቱ ሠመረለት ይባላል። አምስት ኩንታል ወደ ጎተራ ገባ፤ መቶ አምስት ኩንታል ወደ ወንዝ ወረደ። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ብትጭን፣ ያን አፈር ለመመለስ 210 አህያ ያስፈልጋል።

ይህ አማካይ ነው። በሜዳው ላይ ያንሳል፤ በገደሉ ላይ ይበልጣል። ታዲያ ይህን ያህል አፈር ሲሄድ እንዴት አይታይም? የሚሄደው ስስ ሆኖ ነው። በዓመት ውፍረቱ ወደ 4 ሚሊሜትር ቢጠጋ ነው። 25 ዓመት ሲቆይ ግን 10 ሴንቲሜትር ይሆናል። አንድ ጋት ማለት ነው። አባት ለልጁ መሬት ሲያወርስ ስፋቱ ያው ነው፤ ውፍረቱ ግን ያው አይደለም።

በተለይ ጤፍ የሚዘራበት መሬት ይጎዳል። ጤፍ ልም አፈር ይፈልጋል። ማሳው ደጋግሞ ይታረሳል፤ በከብት ይረገጣል። ከዚያ በሐምሌ፣ ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ፣ መሬቱ ራቁቱን ይቆያል። ጤፉ እስኪሸፍነው ድረስ ዶፉ አፈሩን እንዳገኘው ይመታዋል።

ሁለት ጎረቤታሞች

አንድ ተዳፋት ላይ ሁለት ማሳ አለ እንበል። ተዳፋት ማለት ዘቅዘቅ ያለ መሬት ነው። አንደኛው ገበሬ ከላይ ያርሳል። ሁለተኛው ከታች ያርሳል።

የላይኛው ገበሬ ውሃ እንዳይተኛበት ማሳውን በፈሰስ ይቆርጠዋል። ፈሰስ በሞፈርና በማረሻ የሚወጣ የውሃ ማስወገጃ ቦይ ነው። አባቶቻችን የኖሩበት ብልሃት ነው። ሰያፍ ሆኖ ቀስ ብሎ ሲወርድ ይጠቅማል። ቁልቁል ሲሄድ ግን ውሃው ይፈጥናል፤ ቦዩን ይቆፍረዋል። በሦስት በአራት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩም በላይኛው ማሳ አያበቃም። ወደ ታችኛው ይዘልቃል።

የታችኛው ገበሬ በነሐሴ ይመጣና ይጮሃል።

«ወንድሜ፣ ጎርፍህን ለቀህ ማሳዬን ቆረጥህብኝ!»

«ጎርፉ የኔ አይደለም። ዝናቡ የእግዜር ነው። ታዲያ ማሳዬ ላይ ይተኛ?»

«ዝናቡስ የእግዜር ነው። ቦዩን የቀደድኸው ግን አንተ ነህ።»

ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ውሃ ወደ ታች መውረዱን ማንም አይከለክለውም። ግን ተበትኖ የሚወርድ ውሃ ሌላ ነው፤ በአንድ ቦይ ተሰብስቦ የሚወርድ ውሃ ሌላ ነው። የተሰበሰበው ጉልበት አለው። ድንጋይ ያንከባልላል። ነገሩ ሽማግሌ ጋ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ዱላ ያማዝዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ። እርከን ራሱ እንዲህ ያለ ጠብ ሊያመጣ ይችላል። እርከን ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን እርከን ውሃ ይሰበስባል። ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ እርከን፣ ዝናቡ መካከለኛ በሆነበት አገር ውሃውን አቁሞ ያሰርገዋል። ዝናብ በሚበዛበት አገር፣ ለምሳሌ በጎጃም ደጋ፣ ውሃው አይችለውም። ስለዚህ እርከኑ በጥቂቱ ወደ አንድ ጎን እንዲያዘቀዝቅ ይደረጋል። በ100 ሜትር ርዝመት ላይ ቢበዛ 1 ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃውም በዚያ በኩል ቀስ ብሎ ይወጣል።

ወጥቶስ ወዴት ይሄዳል? ጥያቄው ይህ ነው። የአሥር ሰው እርከን ውሃውን ሁሉ በአንድ ጫፍ ቢለቅ፣ ከጫፉ በታች ያለው አሥራ አንደኛው ሰው አለቀለት። ስለዚህ ከእርከኑ በፊት የጋራ የውሃ መውረጃ ያስፈልጋል። ይህ መውረጃ ሰፊና ጎድጎድ ያለ ሆኖ ሣር የለበሰ ቦይ ነው። ገደል ላይ ሲደርስ ድንጋይ ይነጠፍበታል። ሣሩ እስኪይዝ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦዩ ከእርከኑ አንድ ዓመት ቀድሞ ይሠራል። ዘንድሮ ቦይ፣ ለከርሞ እርከን።

በብዙ ቦታ ግን የሚሠራው ተገላቢጦሹ ነው። እርከኑ በጥር በዘመቻ ይቆፈራል። ስንት ኪሎ ሜትር ተቆፈረ ተብሎ ይቆጠራል። ስለ ቦዩ የሚጠይቅ የለም። ሐምሌ ሲመጣ እርከኑ ይሞላል፤ ይሰበራል። አንዱ ሲሰበር ከበታቹ ያለውን ይዞት ይወርዳል። ሰውም «እርከን ጎርፍ አመጣብን» ይላል። እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ቦዩ በማን መሬት ላይ ይለፍ?

ይህ ከሁሉም የከበደ ጉዳይ ነው። ቦይ መሬት ይበላል። መሬት የጠበበበት አገር ላይ ሁለት ሜትር ስፋት ማጣት ቀላል አይደለም። ሁሉም «ይሠራ» ይላል፤ ሁሉም «በእኔ በኩል ግን አይለፍ» ይላል። ባለሙያ ይህን ሊፈታው አይችልም። ባለሙያው ውሃው በተፈጥሮው የት እንደሚወርድ ሊያሳይ ይችላል። መሬቱን ማን እንደሚሰጥ፣ ለሰጠውስ ምን እንደሚደረግለት የሚወስኑት ባለ ማሳዎቹ ናቸው።

አንዱ መንገድ ቦዩን በወሰን ላይ ማሳለፍ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ጎረቤታሞች እኩል ያጣሉ። ሌላው መንገድ የቦዩን ሣር ለባለ መሬቱ መስጠት ነው። ደሾ ሣር ወይም ዝሆኔ ሣር በዳርና ዳሩ ከተተከለ ለበሬ መኖ ይሆናል። በእርከኑ ጫፍም ጌሾ የሚተክሉ አሉ። ጌሾ ይሸጣል። እርከን መሬት ይወስዳል የሚለው ቅሬታ እንዲህ ሲሆን ይቀንሳል፤ ጨርሶ ግን አይጠፋም።

ገበሬው የሚያነሣቸው ሌሎች ቅሬታዎችም አሉ። እርከኑ ሲቀራረብ በሬ ማዞር ያስቸግራል። በካቡ ውስጥ አይጥና ፍልፈል ይራባል። ከእርከኑ በላይ ውሃ ተኝቶ እህሉን ያበሰብሳል። እነዚህ ቅሬታዎች የስንፍና ወሬ አይደሉም። ያየ ሰው ያውቃቸዋል።

ለምን ይቀራረባል? ሒሳቡ ይህ ነው። በአንዱ እርከንና በሚቀጥለው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት 1 ሜትር ተኩል ይሁን። መሬቱ በ100 ሜትር 10 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ እርከኖቹ 15 ሜትር ይራራቃሉ። በ100 ሜትር 30 ሜትር የሚወርድ ከሆነ ግን 5 ሜትር ብቻ ይራራቃሉ። አምስት ሜትር ላይ ጥማድ ማዞር ጣጣ ነው።

ሕጉ ምን ብሎ ነበር?

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 መሬትን በተዳፋትነቱ ከፍሎት ነበር። እስከ 30 በመቶ ያለው መሬት በአፈር ጥበቃና በውሃ ማሰባሰብ ዘዴ ይታረስ አለ። ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው ጠረጴዛማ እርከን ተሠርቶ ብቻ ነው አለ። ከ60 በመቶ በላይ የሆነው አይታረስ፤ ልቅ ግጦሽም አይሰማራበት፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ይዋል አለ። ቦረቦር ያለበትን መሬት ደግሞ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ፣ እንደ ሁኔታውም ኅብረተሰቡ እንዲያድኑት አዘዘ። መሬቱን ሳይጠብቅ ያጎዳ ሰው የመጠቀም መብቱን ሊያጣ እንደሚችልም ተጽፎ ነበር። በጣም የተጎዳ መሬት እስኪያገግም ከሰውና ከከብት ይከለል ሲል ግን አንድ ነገር ጨመረ። ጉዳቱ በገበሬው ቸልተኝነት የመጣ ካልሆነ፣ መሬቱ ተከልሎ በሚቆይበት ጊዜ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ ይሰጠው አለ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አልሰማውም።

በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1324 ወጥቶ የ1997ቱን ተካው። ክልሎችም የየራሳቸው የመሬት ሕግ አላቸው። በቀበሌያችሁ የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ለእናንተ አካባቢ የሚሠራውን ጠይቁ። «አንብቡልን» አትበሉ። «ስጡን እናንብብ» በሉ።

በመቶ የሚለው ነገር ብዙ ሰው ያደናግራል። መቶ በመቶ ተዳፋት ማለት ቀጥ ያለ ግድግዳ አይደለም። 10 ሜትር ወደ ፊት ሲኬድ 10 ሜትር የሚወርድ መሬት ነው። መለኪያው ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ባለ ነገር ይሠራል። ርዝመቱ 2 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ያዙ። አንዱን ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ አስነኩ። ሌላውን ጫፍ ወደ ታች በኩል አየር ላይ ያዙት። እንጨቱ እንዳይዘም የግንበኛ ውሃ ልክ አስቀምጡበት። ከዚያ በአየር ላይ ካለው ጫፍ እስከ መሬት ያለውን ለኩ። 60 ሴንቲሜትር ከሆነ መሬቱ 30 በመቶ ነው። 1 ሜትር ከ20 ከሆነ 60 በመቶ ነው። በአንድ ቦታ ብቻ አትለኩ። አራት አምስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

ከላይ የመጣ ሥራ ለምን ፈረሰ?

ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ፣ በተለይም ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ፣ ብዙ እርከን በምግብ ለሥራ ተሠራ። ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይሰፈር ነበር። ስንዴው ሰውን ከረሀብ አዳነ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን እርከኑ የት ይሠራ፣ ምን ያህል ይራራቅ፣ ውሃው ወዴት ይውጣ ብሎ ገበሬውን የጠየቀው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሰው እርከኑን «የመንግሥት እርከን» ይለው ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከን ፈረሰ። በጋራ መሬት ላይ የተተከለ ዛፍም ተቆረጠ።

ከዚህ ጋር ኮንሶን አስተያዩ። በኮንሶ የድንጋይ እርከን ከ400 ዓመት በላይ ቆይቷል። አንዳንዱ ካብ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። ማንም ስንዴ አልሰፈረበትም። ከብቱ እንደ ልብ ተለቅቆ ካቡን አያፈርስም፤ ቤት ታስሮ ይቀለባል። የኮንሶ መልክአ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዘገበ። በትግራይ አብርሃ ወአጽብሃ የተባለው መንደርም በተራቆተ መሬቱ ላይ በሠራው ሥራ በ2004 ዓ.ም. ኢኳተር የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እዚያ የጉድጓዱ ውሃ ተመልሷል።

በአንጀኒ ደግሞ በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ፋንያጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ፋንያጁ የስዋሂሊ ቃል ነው፤ ወደ ላይ አድርግ ማለት ነው። አፈሩ ከቦዩ ተዝቆ ወደ ላይኛው በኩል ይጣላል። ከላይ የሚወርደው አፈር እዚያ እየተጠራቀመ መሬቱ በየዓመቱ ይስተካከላል። እንዲህ ያለ እርከን የሚሠራው ግን በየዓመቱ ጠጋኝ ሲኖረው ነው።

ደንቡን በወረቀት

የመንደሩ ሰው በቃል ተስማምቶ ነበር እንበል። በሦስተኛው ዓመት አንዱ «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይላል። ስለዚህ ይጻፍ። የሚጻፈው ረጅም መሆን የለበትም። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የጋራው ቦይ ከዋርካው ሥር ተነሥቶ በወሰኑ ላይ አልፎ እስከ ወንዙ ይደርሳል። ማንም ሰው ፈሰሱንም ሆነ የእርከኑን ውሃ ወደ ጎረቤቱ ማሳ አይለቅም፤ ወደ ቦዩ ብቻ ይለቃል። በቦዩ ውስጥ ከብት አይነዳም፤ ሣሩም ታጭዶ እንጂ ተግጦ አይበላም። የቦዩ ሣር ቦዩ ባለፈበት መሬት ላይ ላለው ባለይዞታ ነው። እርከን የተሰበረበት ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይጠግናል። አቅም ለሌለው፣ ለታመመና ወንድ ለሌለበት ቤት ደቦ ይወጣለታል። መሬቱ በእኩል የታረሰ እንደሆነ፣ እርከኑን የሚጠግነው አራሹ ነው ወይስ ባለ መሬቱ የሚለው ሲዋዋሉ ይነገራል።»

ስለ እኩል አራሽ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኩል የሚያርስ ሰው መሬቱ የራሱ ስላልሆነ ለእርከኑ አይሳሳም። ባለ መሬቱ ደግሞ ከተማ ይኖራል፤ ወይም አቅመ ደካማ ናት። እርከኑ በመካከል ይፈርሳል።

ስለ ቅጣትም ይጻፍ። መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ ካሳ፣ ከዚያ ገንዘብ ቢሆን ያምራል። ካሳው ለተጎዳው ሰው ይሰጥ እንጂ ለሰብሳቢው አይሁን። የቅጣቱ ገቢና ወጪ በየስብሰባው ይነበብ። ይህ ካልሆነ ደንቡ ዕድሜ አይኖረውም።

መንገድ ሲመጣ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ማሳ ነው። ዛሬ ግን በገጠር ብዙ ነገር ይሠራል። መንገድ ይጠረጋል። ትምህርት ቤት ይታነጻል። ድንጋይና ቀይ አፈር ይወጣል። መንገድ ሲሠራ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ሁሉ በመንገዱ ዳር ይሰበሰብና በአንድ ቱቦ ይወጣል። ከቱቦው በታች ያለው ማሳ በአንድ ክረምት ሊቦረቦር ይችላል። የተዛቀው አፈርም ዝም ብሎ ወደ ገደሉ ከተገፋ ታጥቦ ምንጩን ይደፍነዋል። አፈሩ ከወንዝና ከቦይ ርቆ ይከመር፤ ከበታቹ የድንጋይ ካብ ይሠራለት።

ደለሉ እዚያው መንደር አይቀርም። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ብዙ ቦታውን ለደለል አጥቷል። ለጎንደር ከተማ ውሃ የሚያቀርበው የአንገረብ ግድብም በደለል ተቸግሯል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ትልልቅ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና ያዛል። ጥናቱ ለሕዝብ ይፋ እንዲሆን፣ በተለይም ጉዳቱ የሚደርስበት ሰው አስተያየት እንዲሰጥበት ይላል። ስለዚህ የመንገድ ሥራ ሰዎች መጥተው ስብሰባ ሲጠሩ ዝም ብላችሁ አታጨብጭቡ። አንድ ሰው ይነሣና ይጠይቅ። «ቱቦው የት የት ይቀበራል? ከቱቦው የሚወጣው ውሃ በማን ማሳ በኩል አልፎ የት ይደርሳል? እስከ ወንዙ ድረስ ድንጋይ ይነጠፍለታል ወይ?» ይበል። መልሱ በቃለ ጉባኤ ይግባ። ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት ይነበብ፤ የቱቦው ነገር ካልተጻፈበት እስኪጻፍ ድረስ አይፈረም። መንገዱ ካለቀ በኋላ ቱቦ ማዛወር ብዙ ወጪ አለው፤ በወረቀት ላይ ማዛወር ግን የአንድ መስመር ሥራ ነው።